ሰርተፍኬቱን ተዪውና የተሳሳተበትን ፎቶ አሳዪ

ሰላም እህቴ። መልእክትሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተመሳሳይ ጥያቄ ያላቸው ብዙ ልጆች ስላሉ መልሱን ሁሉም እንዲያየው አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ ስምሽን አላነሳም።

ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው። ኮምቦልቻ የምትማሪ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂ ነሽ። በኮምፒውተር ቪዥን (ኮምፒውተር ምስል አይቶ እንዲለይ ማስተማር) እና በዲፕ ለርኒንግ (ኮምፒውተሩ ከብዙ ምሳሌ ራሱ እንዲማር ማድረግ) የምርምር ኢንተርንሽፕ ትፈልጊያለሽ። 11 የኦንላይን ሰርተፍኬት ሰብስበሻል። የቲማቲም ቅጠል በሽታ ከፎቶ የሚለይ ሞዴል (ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም) ሠርተሽ 98 በመቶውን በትክክል ለይቶልሻል። ለ40 ፕሮፌሰሮች ኢሜይል ልከሽ አንድም መልስ አልመጣም። አሁን ደግሞ ቴሌግራም ላይ «ይህን ያህል ክፈዪና ሦስት ወር በርቀት ኢንተርን ሁኚ፣ ሰርተፍኬት እንሰጥሻለን» የሚል ሰው መጥቶብሻል። ልክፈል? አዲስ አበባ ልግባ? «ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ተቀምጦስ ይሄ ነገር ይሆናል?» ብለሽ ነው የጨረስሽው።

ከቀላሉ ልጀምር። አትክፈዪ። የምርምር ኢንተርን የሚሠራ ሰው ነው። ዳታ ያዘጋጃል፣ ኮድ ይጽፋል፣ ሙከራ ያካሂዳል። የሚሠራ ሰው ወይ ይከፈለዋል፣ ወይ ቢያንስ ያስተምሩታል እንጂ ገንዘብ አምጣ አይባልም። በዛ ላይ ያ ሰርተፍኬት ምን ይጨምርልሻል? 11 አለሽ፣ 12 ይሆናል፣ በቃ። ብሩን ለኢንተርኔትና ለትራንስፖርት አስቀምጪው። ለምን እንደሚያስፈልግሽ ትንሽ ቆይቼ እነግርሻለሁ።

አሁን ወደ 98 በመቶው እንምጣ። እንደተደሰትሽበት ገብቶኛል፣ ስክሪንሾቱንም ልከሽልኛል። ግን በኔ ግምት መልስ ያሳጣሽ እሱ ቁጥር ነው።

ቲማቲም፣ አሥር ክላስ (ሞዴሉ የሚለያቸው ምድቦች)፣ ግራጫ መደብ ላይ የተቀመጠ አንድ ቅጠል። ይሄ ፕላንትቪሌጅ የሚባለው ዳታሴት (የቅጠል ፎቶዎች ስብስብ) ነው፤ ዘርፉን የሚጀምር ተማሪ ብዙውን ጊዜ ያገኘዋል። በፈረንጆቹ 2016 የወጣው ታዋቂ ጥናትም የተሠራው በሱ ላይ ነው። 54,306 ፎቶ፣ 14 የሰብል ዓይነት፣ 38 ክላስ። ሞዴላቸው 99.35 በመቶ አመጣ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ይቺን ቁጥር ነው። እዛው ጽሑፍ ውስጥ ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ሌላ ቁጥር አስቀምጠዋል፤ ከሌላ ቦታ በተገኙ፣ በሌላ ሁኔታ በተነሱ ፎቶዎች ሲፈትኑት ውጤቱ ወደ 31 በመቶ ወረደ። ከ99 ወደ 31! በ2022 ደግሞ ሌላ ተመራማሪ ቅጠሉን ጭራሽ ትቶ ከፎቶው መደብ 8 ፒክሰል ብቻ ወስዶ ሞዴል አሠለጠነ። 49 በመቶ አገኘ። በ38 ክላስ ላይ ዝም ብሎ ቢገምት 3 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። አስቢው፣ ቅጠል የሚባል ነገር ሳያይ ነው። መደቡ፣ መብራቱና ካሜራው በሽታውን ያሳብቃሉ ማለት ነው።

ሌላም አለ። እዛ ዳታሴት ውስጥ አንድ ቅጠል ከተለያየ አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ተነስቷል። ፎቶዎቹን ሞዴሉ የሚማርባቸው (ማሠልጠኛ) እና የሚፈተንባቸው (መፈተኛ) ብለሽ እንዲሁ በራንደም ከከፈልሻቸው ያው ቅጠል ማሠልጠኛውም መፈተኛውም ውስጥ ይገባል። ፈተናውን ከነመልሱ አስቀድሞ እንዳየ ተማሪ ቁጠሪው።

እና ይሄን ሁሉ ለሚያውቅ የላብ ኃላፊ «ሞዴሌ 98 በመቶ አምጥቷል» የሚል ኢሜይል ሲደርሰው ምን ይላል? ምንም አይልም። ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጎበዝ አይደለችም ብሎ አይደለም። ያንን ቁጥር ለምን ማመን እንደሌለብሽ አውቀሽ ይሁን ሳታውቂ ከኢሜይሉ መለየት ስለማይችል ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ሥራሽ ሌላ ኮርስ አይደለም፣ የሰው እርሻ ነው። ኮምቦልቻ ነሽ እኮ! ቦርከናን ተከትለሽ ብትወርጂ ቲማቲም የሚያለማ ሰው አታጪም። አስፈቅጂ፣ ምን እንደምትሠሪ ንገሪያቸው፣ ስልክሽን አውጪና አንሺ። 30 ተክል ምረጪ፣ ከያንዳንዱ አምስት ፎቶ። የተወሰነውን ጠዋት፣ የተወሰነውን በቀትር ፀሐይ፣ የተወሰነውን ጥላ ውስጥ። ቅጠሉን ቆርጠሽ ወረቀት ላይ አታስቀምጪው። አፈሩም፣ ጎረቤት ቅጠሉም፣ የገበሬው እጅም ይግባበት፤ ነገ ሞዴሉን የሚጠቀመው ሰው የሚያነሳው እንደዛ ነው። የተክሉን ቁጥር በደብተር ያዢ። በኋላ ዳታውን ስትከፍዪ በፎቶ ሳይሆን በተክል ነው የምትከፍዪው፣ የአንድ ተክል ፎቶዎች ሁሉ ወይ ማሠልጠኛ ውስጥ ናቸው ወይ መፈተኛ ውስጥ።

በሽታውን ብቻሽን አትሰይሚ። አንቺም እኔም የቅጠል ሐኪም አይደለንም። ፎቶዎቹን ለአንድ የግብርና ባለሙያ አሳዪ፣ ከዛ የመጀመሪያው ያለውን ሳትነግሪ ለሌላ ባለሙያ አሳዪ። ስንቱ ላይ እንደተለያዩ ቁጠሪ። ከ150 ፎቶ 30ው ላይ ካልተስማሙ ያ ራሱ ትልቅ ግኝት ነው፣ ምክንያቱም ሰው ያልተስማማበትን ነገር ሞዴል መቶ በመቶ አገኘው ሲባል አንድ ችግር አለ።

ከዛ የድሮ ሞዴልሽን በነዚህ ፎቶዎች ፈትኚው። ቁጥሩ ይወርዳል። 40 ሊሆን ይችላል፣ ከዛም በታች። አትደንግጪ። የተሳሳተባቸውን ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ክተቺና ሻይሽን ይዘሽ አንድ በአንድ እያቸው። ይሄ ጥላ ነው፣ ይሄ አፈር የነካው ነው፣ ይሄ ሁለት በሽታ ያለበት ነው፣ ይሄ ደግሞ ከአሥሩ ክላስ ውስጥ ጭራሽ የሌለ ነገር ነው እያልሽ መድቢ። የመጨረሻው በተለይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ሞዴሉ «አላውቅም» ማለት አልተማረም። የማያውቀውን ሁሉ ከአሥሩ አንዱ ውስጥ ይወረውረዋል፣ ያውም በሙሉ ልብ።

ይሄ ነገር እንዴት እንደሚሠራ በዓይኔ ስላየሁ ነው የምጨቀጭቅሽ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የደሴ ልጅ መጣ። የጨርቅ እንከን የሚለይ ሞዴል ሠርቷል። ጨርቁን የሰበሰበው ከልብስ ሰፊዎች ነው፣ ደህናውንም የተበላሸውንም። ፒያሳ አንድ ካፌ ተቀምጠን ላፕቶፑን ከፈተ። 96 በመቶ ይላል። «የተሳሳተባቸውን ብቻ አሳየኝ» አልኩት። 23 ፎቶ ነበሩ። ስናገላብጣቸው እንከን እያለባቸው «ደህና» ተብለው ያለፉት ሁሉ ነጭ ብርሃን ላይ የተነሱ ናቸው። ቢጫ ብርሃን ያለበት አንድም የለም። ልጁ ትንሽ ዝም አለና «ጋሼ፣ እንከን ያለባቸውን አብዛኛውን ያነሳሁት ማታ ማታ ነው፣ በአምፖል» አለኝ። ደህናዎቹን ቀን ቀን በመስኮት ብርሃን ነበር ያነሳቸው። ሞዴሉ ጨርቅ አልተማረም፣ አምፖል ነው የተማረው።

ያን ሳምንት ሁሉንም እንደገና አነሳ። ከሁለቱም ዓይነት ግማሹን ቀን፣ ግማሹን ማታ። ውጤቱ 81 ሆነ። ለኢንተርንሽፕ ሲያመለክት ታዲያ በ96ቱ አልፎከረም። ከ96 ወደ 81 እንዴት እንደወረደና ለምን 81ዱን እንደሚያምን ጻፈ። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ አያያዘ። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ሰርተፍኬት የጠየቀው የለም፤ አብዛኛው ሰዓት ያለቀው በአምፖሉ ወሬ ነው። ተቀበሉት።

«ይሄ ምርምር ይባላል ወይ፣ አዲስ ሞዴል አልፈጠርኩም» እንዳትዪኝ። አዲስ አበባ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡላምዊኒ ጋር በ2018 ያወጡትን ጥናት ፈልገሽ አንብቢ። የፈጠሩት አዲስ ሞዴል የለም። ትልልቅ ኩባንያዎች ገበያ ላይ ያዋሉትን፣ ፊት አይቶ ወንድ ሴት የሚለይ ቴክኖሎጂ ወሰዱና በሥርዓት ፈተኑት። ቆዳቸው ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ስህተቱ ከ0.8 በመቶ አላለፈም። ቆዳቸው ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። አማካዩ ቁጥር ደብቆት የነበረውን ነገር በየወገኑ ከፍለው ሲያዩት ወጣ። ብዙ ሰው ሲያወራበት የኖረ ጥናት ነው። ጥያቄው ግን አንቺ ቲማቲም ላይ ከምትጠይቂው የራቀ አይደለም፤ ይሄ ነገር በማን ላይ ተፈተነ፣ ማንን ረሳ?

ላፕቶፔ ጂፒዩ (ሞዴል ቶሎ የሚያሠለጥን የኮምፒውተር ክፍል) የለውም ያልሽው አያሳስብሽ። ካግል የሚባለው ድረ ገጽ በሳምንት ወደ 30 ሰዓት የሚጠጋ ጂፒዩ በነፃ ይሰጣል፣ ስልክ ቁጥርሽን ማረጋገጥ ብቻ ነው። ፕላንትቪሌጅን ዳውንሎድ አድርገሽ ጥቅልሽን አትጨርሺ፣ እዛው ካግል ላይ አለ፣ እዛ ኮድ ከምትጽፊበት ገጽ (ኖትቡክ) ጋር ማያያዝ ነው። የራስሽን ፎቶዎች ከመጫንሽ በፊት ኮፒያቸውን አሳንሺ። ሞዴሉ የሚያየው 224 በ224 ፒክሰል ከሆነ አራት ሜጋባይት ፎቶ መጫን ለምን? ትንሽ ከፍ አድርገሽ 512 ላይ ብታስቀሪያቸው እንኳ 150ው ፎቶ በደካማ ኔትወርክ ይገባል። ዋናውን ግን በፍላሽ አስቀምጪ። መብራትና ኔትወርክ መቼ እንደሚጠፋ ስለማይታወቅ በየኢፖኩ (ሞዴሉ ፎቶዎቹን ሁሉ አንዴ አይቶ በጨረሰ ቁጥር) ሞዴሉን ሴቭ የሚያደርግ መስመር ኮድሽ ውስጥ ይኑር። ትልቅ ሞዴል አያስፈልግሽም። ሬዝኔት 18 ወይም ሞባይልኔት የሚባሉት ትንንሽ ሞዴሎች በቂ ናቸው። በ2012 ዘርፉን የገለበጠው አሌክስኔት የሚባለው ሞዴል በ1.2 ሚሊዮን ፎቶ የሠለጠነው እያንዳንዳቸው 3 ጊጋባይት ሚሞሪ ባላቸው ሁለት ጂፒዩዎች ነው፣ አምስት ስድስት ቀን ፈጅቶ። በዛው በዓመቱ የኢሜጅኔት ምስል የመለየት ውድድር ላይ ስህተቱን ወደ 15.3 በመቶ አወረደው፣ ሁለተኛ የወጣው 26.2 ላይ ነበር። ዛሬ ካግል በነፃ የሚሰጥሽ 16 ጊጋባይት ነው። ከነሱ የተሻለ ማሽን ይዘሻል።

ሒሳቡን አትሽሺው። ቃለ መጠይቅ ላይ ሰው የሚወድቀው ኮድ ላይ አይደለም፣ ኮዱ ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ ነው። አንድ ቀን ምሽት ስኩዌር ወረቀት ውሰጂ። 5 በ5 ሣጥን ሥሪና ቁጥር ሙይበት። 3 በ3 ፊልተር (ምስሉ ላይ የሚንሸራተት ትንሽ የቁጥር ሣጥን) ሥሪ። እሱን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እያንሸራተትሽ አባዢና ደምሪ። መጨረሻ ላይ 3 በ3 ሣጥን ይቀርሻል። ለምን 5 በ5 እንዳልቀረ በእጅሽ ካየሽው ከዛ በኋላ «32 በ32 ምስል ላይ 5 በ5 ፊልተር ያለ ፓዲንግ ቢያልፍ ስንት ይወጣል?» (ፓዲንግ ጠርዙ ላይ ባዶ ሣጥን መጨመር ነው) ሲሉሽ 28 ለማለት አታስቢም። እንደዚሁ የማሠልጠኛው ስህተት እየወረደ የመፈተኛው መውጣት ሲጀምር ምን እየሆነ እንደሆነ በራስሽ ቃል፣ በአማርኛ፣ ለዶርም ጓደኛሽ አስረጂ። ከገባት ገብቶሻል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ቪዥን ኮርስ፣ ሲኤስ 231ኤን (CS231n)፣ ማስታወሻዎች በነፃ ይገኛሉ፣ ከ11ዱ ሰርተፍኬት ይበልጥ እነሱን ብትጨርሺ ደስ ይለኛል።

ወደ ኢሜይሉ። የላክሽልኝን ኮፒ አየሁት። «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ለዲፕ ለርኒንግ ከፍተኛ ፍቅር ያለኝ ታታሪ ተማሪ ነኝ፣ በየትኛውም ፕሮጀክትዎ ላይ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» ይላል። ለ40ዎቹም አንድ ዓይነት ነው፣ ስማቸው እንኳ የለበትም። እኔም ብሆን አልመልስም ነበር፣ ምን ብዬ? በየትኛውም ፕሮጀክት ላይ የሚል ሰው የኔን ፕሮጀክት አላነበበም።

እንዲህ ሞክሪው። በእንግሊዝኛ ነው የምትጽፊው፣ ሐሳቡ ግን ይሄ ይሁን። «ከሜዳ በተነሱ የሰብል ፎቶዎች ላይ የሠሩትን ጥናት አንብቤዋለሁ። እኔ ኢትዮጵያ፣ ኮምቦልቻ ነኝ። በፕላንትቪሌጅ የሠለጠነ ሞዴሌን ራሴ ባነሳኋቸው 150 የቲማቲም ፎቶዎች ላይ ስፈትነው ከ98 ወደዚህ ወረደ። ከስህተቶቹ አብዛኞቹ ጥላ ያለባቸው ናቸው። ኮዱና ፎቶዎቹ እዚህ ሊንክ ላይ አሉ። እርስዎ በጥናትዎ ክፍል አራት ላይ የተጠቀሙትን ዘዴ ልሞክረው አስቤ አንድ ነገር አልገባኝም፤ ጥያቄዬ ይሄ ነው።» ከዛ ጥያቄውን ጻፊ። መጨረሻ ላይ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ለስንት ወር መሥራት እንደምትችዪ ንገሪያቸው። አለቀ። ሰባት ስምንት ዓረፍተ ነገር ነው። ለ40 ሰው አትላኪ፣ ለስምንት ላኪ፣ ስምንቱንም አንብበሽ። ከፕሮፌሰሮቹ ይልቅ ጥናቱን በእጃቸው የሠሩት የፒኤችዲ ተማሪዎች ቶሎ ይመልሳሉ። በአሥር ቀን መልስ ካልመጣ አንዴ ብቻ አስታውሺ።

ግን ከሩቁ በፊት የቅርቡን እዪ። ግቢሽ ውስጥ ማስተርሱን የሚሠራ፣ ቴሲሱ ምስል ላይ የሆነ፣ ዳታ ማዘጋጀቱ የመረረው ሰው ይኖራል። ሄደሽ «ላግዝህ፣ አንተ ደግሞ ሳምንት በሳምንት ሥራዬን እይልኝ» በዪው። ይሄ ማመልከቻ የማይጠይቅ የምርምር ኢንተርንሽፕ ነው። ሐረጎን ወጥተሽ ደሴ ከመጣሽ ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ የግብርናና የጤና ሰዎች አሉ፤ ችግሩ አላቸው፣ ኮድ የሚጽፍ ሰው ነው የሚፈልጉት። ትራንስፖርቱን ያስቀመጥሽው ለዚህ ነው። ከዛ አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት የሚያወጣቸውን ማስታወቂያዎች ተከታተዪ። ዲፕ ለርኒንግ ኢንዳባ የሚባለው የአፍሪካውያን ጉባኤም አለ፣ ከ2017 ጀምሮ ይካሄዳል፣ የ2025ቱ ኪጋሊ ነበር። ተማሪዎች ፖስተር ያቀርቡበታል። የቦርከናው ቲማቲም በደንብ ከተሠራ ጥሩ ፖስተር ይወጣዋል።

አዲስ አበባ ልግባ ላልሽው፣ የተቀበለሽ ሰው ሳይኖር አትግቢ። ቤት ኪራዩን ታውቂዋለሽ። ዘመድ ቤት ተቀምጦ ሲቪ ይዞ መዞር ልብ ያደክማል፣ ዳታ የምትሰበስቢበት እርሻም የለሽም። የሚጠራሽ ሰው ሲመጣ ትሄጃለሽ።

እናትሽ «ደመወዝ ለሌለው ነገር ምን አስጨነቀሽ፣ ባንክ ተወዳደሪ» ማለታቸው ትክክል ነው፣ እሳቸው የሚያዩት የቤቱን ወጪ ነው። አትከራከሪያቸው። ቁርጥ ያለ ጊዜ ንገሪያቸው፤ ለምሳሌ ከምረቃ በኋላ ስድስት ወር። በነዛ ወራት የባንኩንም ማስታወቂያ ተወዳደሪ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የመውጫ ፈተናሽን ግን በምንም እንዳትነኪው። ፈተናው ከመድረሱ በፊት ያሉትን ሳምንታት ሞዴል አታሠልጥኚ፣ ፎቶዎቹም የትም አይሄዱም።

አንድ ነገር ደግሞ ሲቀበሉሽ እንዳትደነግጪ ላስጠንቅቅሽ። የመጀመሪያው ወር አሰልቺ ነው። የሰው ኮድ አልነሳ ይልሻል፣ ሞዴሉ የት ማየት እንዳለበት ለማመልከት ፎቶ ላይ ሣጥን ስትስዪ ትውያለሽ፣ ጥናቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንቺ ጋ አይመጣም። በየቀኑ ምን እንደሞከርሽና ምን እንደወጣ ከነቀኑ ጻፊ። አንድ ቀን ሙሉ ከተጣበቅሽ በሁለተኛው ቀን ጠይቂ። ስታፍሪ ሁለት ሳምንት ዝም ካልሽ ግን በነዛ ሁለት ሳምንታት ምንም እንዳልሠራሽ ነው የሚቆጠረው፣ ይሄን የማየው በጣም ጎበዝ ልጆች ላይ ስለሆነ ያናድደኛል።

እንግዲህ ቅዳሜ ማለዳ ፀሐይ ሳትከር ውጪ። መጀመሪያ አሥር ተክል ይበቃሻል፣ 50 ፎቶ ማለት ነው። ሞዴልሽን ፈትኚበትና የተሳሳተባቸውን ብቻ ላኪልኝ፣ ቁጥሩን አትላኪ። ከዛ ኢሜይሉን አብረን እንጽፈዋለን።